ሞራ ሳሙና የሚሆንበት መንገድ፦ ሚዛን፣ ሙቀትና የደጋ ብርድ

ፋሲካ ወይም ገና ባለፈ ማግስት በሰሜን ሸዋ ደጋ በየቤቱ የሚተርፍ ነገር ቢኖር ሞራ ነው። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ለነጋዴ ይሰጣል፣ ላቱም ወዳጅ አያጣም፤ ሞራው ግን ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ይሰነብትና ለውሻ ይወረወራል። ከሚጣለው ውስጥ 1 ኪሎ የነጠረ ስብ ቢገኝ፣ 133 ግራም ኮስቲክ ሶዳ (ስብን ሳሙና የሚያደርገው፣ የሚያቃጥል ነጭ ኬሚካል) እና 270 ግራም ውሃ ገብቶበት፣ ከደረቀ በኋላ ባለ 100 ግራም 12 ያህል ሳሙና ይወጣዋል።

ቁጥሩን ከመነሻው ያስቀመጥነው ሳሙና እንደ ወጥ በእጅ ግምት ስለማይሠራ ነው። የሚበላሽ ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ በሚዛን፣ ወይ በሙቀት። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ሙቀቱ እምብዛም አያስቸግርም። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በርና መንዝ ላይ ግን ብርዱ ሠሪውን ያታልለዋል፤ እንዴት እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እናየዋለን። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማሩ፣ ስለ እሬቱና ስለ ጥቁር አዝሙዱ ነው። እሱ የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

ስብና ኮስቲክ ሲገናኙ

ስብ ውስጥ አንድ ግሊሰሪን ሦስት የስብ አሲዶችን አቅፎ ይዟል። ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ሟሙቶ ሲደርስበት እቅፉን ይፈታዋል። እያንዳንዱ የስብ አሲድ ሶዲየም ይይዝና ሳሙና ይሆናል፤ ግሊሰሪኑም ነጻ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ግሊሰሪኑን ለይተው ለሌላ ሥራ ያውሉታል። የቤት ሳሙና ቆዳን እምብዛም የማያደርቀው አንድም ግሊሰሪኑ ስላልወጣለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። «ያለ ኮስቲክ የተሠራ ሳሙና» እየተባለ የሚሸጠው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ ቀልጦ ቅርጽ ብቻ የሚሰጠው ዝግጁ ሳሙና እንኳ ኮስቲኩን ሌላ ሰው ቀድሞ ጨርሶለት ነው። በሌላ በኩል፣ ልኩ ከተጠበቀ ኮስቲኩ ሥራውን ሲጨርስ አብሮ ያልቃል። ከበዛ ግን የሚበላው ስብ ስለሚያጣ ሳሙናው ውስጥ ይቀመጥና የታጠበውን እጅ ይበላል።

እንዶድስ? የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል፣ ፍሬው ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሳሙና አይደለም፣ ስብም አያስፈልገውም። ለጋቢና ለነጠላ የሚመርጠው ሰው አሁንም አለ። ጉልበቱ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት በእሱ ምክንያት ነበር፤ የቢልሃርዝያ ምርምራቸውም ከዚያ ተነሣ። እንዶድ ዓይንን ይቆጠቁጣል፣ ከተዋጠም መርዝ ነው፤ ፊት በሚታጠቡበት ሳሙና ውስጥ መጨመር አያስፈልግም።

የአመድ ውሃም ሳሙና ይሠራል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ፖታስየም ስለሆነ የሚወጣው እንደ ቅባት የለሰለሰ ሳሙና ነው። በዚያ ላይ ጥንካሬው ከማገዶ ማገዶ ይለያያል፤ በየቤታችን የሚነደው ኩበት ደግሞ አመዱ ውስጥ አፈርና አሸዋ ይበዛበታል። የሚመዘን ነገር ስላልሆነ እዚህ አንገባበትም።

ሞራውን ማንጠር

ከሞራ ሁሉ የሚመረጠው በኩላሊት ዙሪያ ያለው ነው፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ በእጅ ሲቆርሱት የሚፈረፈር። ከእሱ የሚሠራው ሳሙና ይጠነክራል፣ ውሃ ውስጥም ቶሎ አያልቅም። ላት በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ ለብቻው ከሆነ ሳሙናው ይልማል፣ ከሞራ ጋር ሩብ ያህል ቢገባ ግን ችግር የለውም። ከሥጋው ላይ የተገፈፈ ጮማ ደምና ሥር ስለሚበዛበት ማጽዳቱ ያደክማል። የመንዝ በግ ሞራም ጥሩ ጠንካራ ሳሙና ይወጣዋል። ሆኖም የበግ ጠረን በከፊል ከስቡ ራሱ ስለሚመጣ የቱንም ያህል ቢነጠር ሙሉ ለሙሉ አይለቅም። ይህን የማይወድ ሰው የበሬ ሞራ ይፈልግ።

ሞራው ሥጋውና ደሙ ተለቅሞለት በትንንሹ ይከተፋል፤ የሥጋ መፍጫ ያለው ቢፈጨው ሥራው ይፈጥናል። ለ1 ኪሎ ግማሽ ሊትር ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨመርና በዝግታ እሳት ሁለት ሦስት ሰዓት ይንተከተካል። ውሃው ጥቅም አለው፤ እሱ እስካለ ድረስ ስቡ ከውሃው መፍያ በላይ ስለማይሞቅ አያርርም። ያረረ ስብ ቀለሙም ሽታውም እስከ ሳሙናው ድረስ ይከተላል።

ጅማቱ ተኮማትሮ ወደ ታች ሲወርድ በወንፊት፣ ቀጥሎ በአቡጀዲ ይጠለልና ይቀመጣል። እዚህ ላይ የደጋው ሌሊት ባለውለታ ነው፤ በታኅሣሥ ውርጭ ማታ የተቀመጠ ድስት ጠዋት ላዩ እንደ ቂጣ ደርቆ ያድራል። ክቡን ስብ አንሱት፤ ሥሩ ላይ ቡናማና ዝልግልግ ነገር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። እሱን በቢላ ፋቁት። ሽታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አዲስ ውሃና ጨው ጨምራችሁ እንደገና አፍሉ፤ ሦስተኛ ጊዜ የሥሩ ውሃ ጠርቶ ሲታይ በቃው ማለት ነው። በመጨረሻ ስቡን ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ድረስ በዝግታ አሙቁት። ስቡ ውስጥ የቀረ ውሃ እንደ ስብ ስለሚመዘን ስሌቱን ያዛባል። ከጥሩ የኩላሊት ሞራ ሦስት አራተኛ ያህሉ ንጹሕ ስብ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ፣ እንደ ሻማ ደርቆ የሚሰበር።

ሂሳቡ

1 ግራም ስብ ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን የሚፈልገው ኮስቲክ እንደ ስቡ ዓይነት ይለያያል። ለበሬ ሞራ 0.140 ግራም፣ ለበግ ሞራ 0.138፣ ለፓልም ዘይት 0.142፣ ለኑግና ለሱፍ አበባ ዘይት 0.135 ያህል፣ ለጉሎ ዘይት 0.128፣ ለኮኮናት ዘይት ደግሞ 0.183 ነው። የኮኮናቱን ልብ በሉ፤ 1 ኪሎ ሞራ 140 ግራም የሚበቃው ሲሆን 1 ኪሎ ኮኮናት 183 ይፈልጋል። ከአንድ ሰው የተገኘ አሠራር ላይ ዘይቱን ቀይሮ ኮስቲኩን እንደነበረ መተው ሳሙናን የሚያበላሽ ዋነኛ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ከተገኘው ኮስቲክ 5 በመቶ ይቀነሳል። ያ ማለት ጥቂት ስብ ሳሙና ሳይሆን ይቀራል፤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ከሁሉ በላይ ግን ለስህተት መጠባበቂያ ይሆናል። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ 1000 በ0.140 ሲባዛ 140፤ 140 በ0.95 ሲባዛ 133 ግራም። ውሃው የኮስቲኩ እጥፍ፣ ማለትም 270 ግራም ገደማ።

አሁን መጠባበቂያውን ተመልከቱት፤ 7 ግራም ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ኮስቲክ ገደማ ቢሆን ነው። በ5 ግራም የሚዋዥቅ ሚዛን መጠባበቂያውን በሙሉ ሊበላው ምንም አይቀረው። የእህል ወይም የሥጋ ሚዛን ስለዚህ አይሆንም፤ በ1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ውሃውንም በሚዛን እንጂ በሲኒ አትስፈሩ። እንዲሁም ከግማሽ ኪሎ ስብ በታች አትሥሩ፤ መጠኑ ባነሰ ቁጥር የ1 ግራም ስህተት ትልቅ ይሆናል።

ሌላው፣ ኮስቲክ አየር ላይ ሲቆይ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይደክማል። ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ጓል የሠሩበት ኮስቲክ ክብደቱ ኮስቲክ ብቻ አይደለም፤ ሳሙናው ሳይጠነክር፣ ቅባት ቅባት እያለ ይቀራል። የፍሳሽ ቧንቧ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠውንም አትግዙ፤ አንዳንዱ የአሉሚኒየም ቅንጣት ወይም ቀለም ተደባልቆበታል።

የሞራ ብቻ ሳሙና ጠንካራና ነጭ ነው፤ አረፋው ግን ትንሽና ወፍራም ነው። ሰው «አያረፋም» ብሎ የሚተወው በዚህ ነው። ለገላ የተሻለው ቅልቅል 700 ግራም የበሬ ሞራ፣ 200 ግራም ኮኮናትና 100 ግራም ኑግ ነው። 98፣ 36.6 እና 13.5 ሲደመሩ 148.1፤ 5 በመቶ ሲቀነስ 140 ግራም ኮስቲክ፣ ውሃው 280። ኮኮናት ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልቻለ፣ ከውሃው ላይ 10 ግራም ስኳር ቀድሞ ማሟሟት አረፋውን ያነሣዋል። ኑጉን ከ100 ግራም አታሳልፉ። የኑግ ስብ አየር ሲነካው በቀላሉ የሚበላሽ ዓይነት ስለሆነ ከወራት በኋላ ሳሙናው ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ይወጣበታል፣ የሻገተ ዘይትም ይሸታል። ለልብስ ከሆነ ሞራው ብቻ ይበቃል፤ ልብስ መለስለስ ስለማያስፈልገው መቀነሻው 2 በመቶ ይሁንና ለ1 ኪሎ 137 ግራም ኮስቲክ ይግባ።

ኮስቲኩን ማሟሟት

ከዚህ በፊት ያለው ቢሳሳት የሚበላሸው ሳሙናው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሰው ነው። የጎማ ጓንት፣ ዓይንን ከጎን ጭምር የሚሸፍን መነጽር፣ እጅጌው ረጅም ልብስ። ሥራው ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ልጅ በሌለበት።

ኮስቲኩ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃው ወደ ኮስቲኩ በፍጹም አይጨመርም። ጥቂት ውሃ ብዙ ኮስቲክ ላይ ከፈሰሰ ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነጥራል። በትክክለኛው መንገድም ቢሆን የውሁዱ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ከ80 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ተራ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለመፈንጠር ከቆላው ይልቅ ቅርብ ነን። ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ፣ ኮስቲኩን በማንኪያ በማንኪያ እየነሰነሳችሁ አማስሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚወጣው ተን ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ።

ዕቃው የአሉሚኒየም መሆን የለበትም። በየቤቱ ያለው ቀላሉ ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሲነካው ይጠቁራል፣ ይፈላል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ውሎ አድሮም ይበሳል። የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። ብርጭቆ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። የእንጨት ማማሰያም ቀስ በቀስ እየተበላ ስንጥሩን ይለቃል፤ ለአንድ ቀን ያገለግላል፣ ወጥ ግን አይመለስበት።

ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ የሚፈስ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጠብ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ ማፍሰስ ትክክል አይደለም፤ ቁስሉ ላይ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል። ዓይን ከሆነ እያጠቡ ወደ ሐኪም። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ ይደግመዋል፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የተሟሟ ኮስቲክ በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውሃ ይመስላል። ደረቁም ጨውና ስኳር ይመስላል።

ማዋሃድ፤ ብርዱ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው

ስቡ ቀልጦ 50 ዲግሪ ገደማ፣ የኮስቲኩ ውሃ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ይደባለቃሉ። የኮስቲኩ ውሃ ወደ ስቡ በቀጭኑ ይፈስሳል። በእጅ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ማማሰል ነው፤ በእጅ የሚያዝ ብሌንደር ካለ ትንሽ ሠርቶ ትንሽ እያረፈ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ውሁዱ መጀመሪያ እንደ ቀጭን ሾርባ ነው፤ ከዚያ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ማማሰያው ሲነሣ የሚንጠባጠበው ላዩ ላይ መስመር ጥሎ ለጥቂት ሰከንድ ከታየ፣ ይዟል፤ ወደ ቅርጽ ማውጫው መገልበጥ ይቻላል።

ችግሩ ሞራ ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ራሱ መርጋት መጀመሩ ነው። ጠዋት፣ በር ተከፍቶ፣ ቀዝቃዛ ባልዲ ውስጥ የተገለበጠ ውሁድ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይወፍራል፤ ሠሪው «ያዘልኝ» ብሎ ይገለብጠዋል። ያልያዘ ስብ ነው፤ የረጋው በብርድ ነው። በማግስቱ ላዩ ለስላሳና ቅባታም፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ውሃ ያቆረ ሆኖ ይገኛል። ያ ውሃ ኮስቲክ ነው።

መለየት ይቻላል። የእውነት የያዘው እንደ ቀጭን ገንፎ ልሙጥና የሚያንጸባርቅ ነው፤ በብርድ የረጋው ፈዛዛ ነው፣ ሲነካ ይሻክራል፣ ማማሰያው ላይ ነጫጭ የስብ ቅንጣት ይለጠፋል። ጥርጣሬ ካለ ባልዲውን ሙቅ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና እያማሰላችሁ ወደ 50 ዲግሪ መልሱት። በብርድ የረጋው ተመልሶ ይቀጥናል፤ የያዘው አይቀጥንም። ከቀጠነ ማማሰሉን ቀጥሉ፤ ምንም የጠፋ ነገር የለም። ከመጀመሪያው ለመከላከል ባልዲውንም ቅርጽ ማውጫውንም በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁ፣ ሥራውንም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ጀምሩ። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ለዚህ ሥራ ከብሌንደሩ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ቅርጽ ማውጫው በላስቲክ የተለበደ የእንጨት ሳጥን ወይም ጎኑ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ከተገለበጠ በኋላ ላዩ በላስቲክ ይሸፈንና በባና ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ 24 ሰዓት ያድራል። ሥራው በውስጡ ስለሚቀጥል ራሱ ይሞቃል፤ ይህን ሙቀት ውርጩ ከነጠቀው ሳሙናው ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ላዩም አመድ የነፋበት ይመስላል። ነጩ አመድ የሚያሳስብ አይደለም፤ አየር የነካው ኮስቲክ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ተለውጦ ነው፣ በቢላ ይፋቃል። ቆላ ላይ ግን መጠቅለሉ ይቅር፤ ከመጠን በላይ ሞቆ መሃሉ ይሰነጠቃል።

የሞራ ሳሙና ቶሎ ይጠነክራል። በሁለተኛው ቀን ካልተቆረጠ ከዚያ በኋላ ቢላ ሲገባበት ይሸራረፋል። ጓንቱ አሁንም እጅ ላይ ይሁን።

ማድረቅ

ኮስቲኩ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውሃው የሚወጣበትና ሳሙናው የሚበስልበት ጊዜ ነው። ሰፌድ ላይ አቡጀዲ አንጥፋችሁ፣ ሳሙናዎቹ ሳይነካኩ ደርድሯቸው፤ ነፋስ ይግባ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አያግኛቸው። በየሳምንቱ ገልብጧቸው። አንዱን ምልክት አድርጋችሁ መዝኑት፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚቀንሰው ከ1 ግራም ሲያንስ ደርሷል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ግሊሰሪኑ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ሳሙናው ላይ ጤዛ የመሰለ ነጠብጣብ ቢታይ አትደንግጡ።

መድረሱን ለመሞከር ጣትን አርጥቦ ሳሙናውን ማሸትና ምላስ ጫፍ ላይ ነካ ማድረግ ይቻላል። ሳሙና ሳሙና ካለ ደህና ነው። የባትሪ ድንጋይ እንደሚቆነጥጠው ከቆነጠጠ ነጻ ኮስቲክ አለበት። የአሲድነትን ልክ በሚያሳየው የፒኤች ወረቀት ከታየ 9 ወይም 10 ልኩ ነው። ሳሙና በባሕርዩ እንዲሁ ነውና «7 ይሁንልኝ» ብሎ አሲድ መጨመር ሳሙናውን ወደ ስብ አሲድ መመለስ ነው።

የሚጨመሩ ነገሮች

መጠኖቹ በሙሉ ለ1 ኪሎ ስብ ናቸው፤ የሚገቡትም፣ ልዩ ካልተባለ በቀር፣ ውሁዱ ሲይዝ ነው።

ማር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በጥቂት ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ። ስኳሩ ሙቀቱን ስለሚያስነሣ ማር ያለበት ሳሙና በባና አይጠቀለልም፤ ቢጠቀለል ከሳጥኑ ገንፍሎ ይወጣል። ቡናማም ይሆናል። የእርድ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ ቢጫ ይሰጣል፤ ብርሃን ላይ ግን ይደበዝዛል። የከሰል ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከበዛ አረፋው ግራጫ ሆኖ ፎጣ ያበላሻል። የቡና አተላ ደርቆና ደቅቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ፤ ለእጅና ለተረከዝ ጥሩ መፈግፈጊያ ነው፣ ለፊት ግን ይሻክራል። ለፊት የገብስ ዱቄት ይሻላል፤ በሶም ይሆናል፣ በወንፊት ከተነፋ።

የእሬት ዝልግልጉ ከአረንጓዴው ልጣጭ ተለይቶ ተፈጭቶ ይገባል፤ እንደ ውሃ ስለሚቆጠር የገባውን ያህል ከውሃው ቀንሱ። ወተትም እንደዚሁ ነው፤ ግማሹን ውሃ ይተካል፣ ነገር ግን ኮስቲኩ በግማሹ ውሃ ብቻ ተሟሙቶ ወተቱ ኋላ፣ ከስቡ ጋር ይግባ። ሙቅ ኮስቲክ የነካው ወተት ይጠቁራል፣ ሽንት ሽንትም ይሸታል።

ጦስኝ፣ አሪቲ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ቅጠላቸው ጥሬውን ከገባ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ይሆናል፤ መዓዛውንም ኮስቲኩ ይበላዋል። ደርቀው በ100 ግራሙ ኑግ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቢዘፈዘፉና ዘይቱ ተጠልሎ ቢገባ ይሻላል፤ የሚተርፈው ሽታ ግን ትንሽ ነው። ሽታ የሚፈልግ ሰው ከነጭ ባህር ዛፍ የተነጠረ ዘይት 20 ግራም ይጨምር። ከዚያ በላይ ቆዳን ያስቆጣል፤ ለሕፃን ሳሙና ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ሎሚ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ «ያነጣል» ተብሎ በብርጭቆ የሚያፈስሰው ብዙ ነው። 100 ግራም የሎሚ ጭማቂ 5 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ይዟል፤ ያ አሲድ 3 ግራም ኮስቲክ ይበላል። ሎሚው እዚያው ይጠፋል፣ ሳሙናው ደግሞ ቅባታም ይሆናል። የግድ ይግባ ካላችሁ 3 ግራም ኮስቲክ ጨምሩ፣ ጭማቂውንም ከውሃው ቀንሱ፤ የተረፈውን ጥቅም ግን እኛ አላየንለትም።

«ማዲያት ያጠፋል፣ ቡጉር ያደርቃል» እያሉ መሸጥም አሁን በዝቷል። ሳሙና ቆዳ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ታጥቦ ይሄዳል። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ሳሙና ጥሩ ሳሙና ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ግን አይሆንም።

ሲበላሽ

የቆነጠጠ፣ ሥሩ ውሃ ያቆረ ወይም ሲቆረጥ የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ የቋጠረ ሳሙና አይጣልም። ፈሳሹንም ጭምር በጓንት ሰብስባችሁ፣ ሳሙናውን ከትፋችሁ፣ ለ1 ኪሎ 100 ግራም ውሃ ጨምራችሁ የማይዝግ ድስት ውስጥ አድርጉት፤ ድስቱን የፈላ ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡና እያማሰላችሁ ሁለት ሰዓት አብስሉት። የተለያየው ከሆነ እዚያው ይገጥማል። ቀዝቅዞ ሲሞከር አሁንም ከቆነጠጠ በሚዛን ስህተት ኮስቲክ በዝቷል ማለት ነውና 50 ግራም ስብ ጨምሩና አንድ ሰዓት ድገሙ። ከዚህም በኋላ ከቆነጠጠ በጓንት ለወለል ማጠቢያ ይዋል። መልኩ እንደ መጀመሪያው ልሙጥ አይሆንም፤ ያጥባል ግን።

በተቃራኒው ከሁለት ወር በኋላም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ከሆነ፣ ኮስቲኩ አንሷል ወይም ደክሟል፣ አለዚያም ፈሳሽ ዘይት በዝቶበታል። የጎደለው ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ኮስቲክ በግምት መጨመር ግን አይሞከር፤ ከተውትም ለልብስ ያገለግላል።

አንዳንዴ ደግሞ ሳሙናው ደህና ሆኖ ሳለ አያረፋም፣ ገንዳው ዳር ላይም ግራጫ እድፍ ይተዋል። ያኔ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃው ኖራማ ነው፣ በውስጡ ያለው ካልሲየም ሳሙናውን እየያዘ የማይሟሟ እድፍ ያደርገዋል። ያንኑ ሳሙና በዝናብ ውሃ ሞክሩት፤ ኮስቲክ ለማሟሟትም የተጠለለ የዝናብ ውሃ ይሻላል።